አይጧ ከማን ጋር እንደዋለች ደሟ ያወራል

አይጦች ምን ምን ጥገኛ እንደተሸከሙ ወደማጥናት ሥራ ያስገባችኝ አንዲት ደሴት ናት። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለችው ክሪስማስ ደሴት፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት የአይጥ ዝርያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 ጥቁር አይጦች በመርከብ ገቡ። በ1908 ሲፈለጉ ነባሮቹ የሉም። በ2008 ተመራማሪዎች ሙዚየም ውስጥ ከቆዩ ናሙናዎች ዲኤንኤ አወጡ። ቁንጫ የሚያስተላልፈው ትሪፓኖሶማ የተባለ የደም ጥገኛ፣ መርከቧ ከመምጣቷ በፊት በተያዙት ላይ አልነበረም። በኋላ በተያዙት ላይ ግን ተገኘ።

እኔ ያለሁት ሐዋሳ ነው። አይጦቼን የያዝኩት አሞራ ገደል አካባቢ፣ የዓሣ ትርፍራፊ ከማይጠፋበት ሰፈር ነው። ጥያቄዬ ግን ያው ነው፦ እነዚህ አይጦች ከየትኞቹ ጥገኞች ጋር ተገናኝተዋል?

ወጥመዱ ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው፤ አይገድልም። ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤ። አይጥ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው፤ ግቢው መሃል የተቀመጠ ወጥመድ ትርፉ ልፋት ነው። አዲስ ዕቃም ትጠረጥራለች። ስለዚህ በሩ እንዳይዘጋ አድርጎ ጥቂት ሌሊት ማስለመድ ይበጃል። ጠዋት ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ መሰብሰብ ነው፤ አለዚያ ሳጥኑ ምጣድ ይሆናል።

ግቢያቸውን የፈቀዱልኝ አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ መርዝ አድርገሽ አትገላገይም?" አሉኝ። "እማማ፣ እኔ የምፈልገው ደሟን ነው" ስላቸው አማተቡ።

አይጧ በማደንዘዣ ስትተኛ መጀመሪያ ቁንጫ ነው። ነጭ ሳፋ ላይ ውሃና ጠብ ያለ ላርጎ አድርጌ ፀጉሯን በቀጭን ማበጠሪያ አበጥራለሁ። ላርጎ ሲኖር ቁንጫው ውሃው ላይ መንሳፈፍ ትቶ ይሰምጣል። በሞተች አይጥ ላይ ይሄ አይሠራም፤ ገላዋ ሲቀዘቅዝ ቁንጫው ጥሏት ይሄዳል። ጓንት መቼም የግድ ነው፤ ሽንቷ ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

ዓይነ ምድሩን ጨው እስኪበቃው በጠጣ ውሃ መበጥበጥ ነው። ቀላል እንቁላሎች ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። የአይጥ ኮሶ እንቁላል ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ደስ ይላል፤ ክብ ነው፣ ውስጡ ስድስት ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ። ከባድ እንቁላሎች ግን ስለማይንሳፈፉ ለነሱ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ቶክሶፕላዝማ የተባለውን በዓይን የማይታይ ጥገኛ ውሰዱ። እንቁላል መሰሉን የምትጥለው ድመት ናት። አይጥ ውስጥ ግን አንጎልና ጡንቻ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ዓይነ ምድሯን ዓመት ሙሉ ቢመረምሩ አይገኝም። ስለዚህ ሴረሟን (ደሟ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ) የጥገኛው ፕሮቲን ከተለጠፈባቸው የላቴክስ ቅንጣቶች ጠብታ ጋር ስላይድ ላይ ቀላቅዬ ቀስ አድርጌ አወዛውዛለሁ። አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነቷ ጥገኛውን ለመከላከል የሠራው ፕሮቲን፣ ካለ ወተት መሳዩ ጠብታ እንደ አሸዋ ይቋጠራል። ዓይነ ምድራቸው ንጹሕ የነበረ አይጦች ላይ ሲቋጠር አይቻለሁ።

ይህም ቢሆን መቼ እንደተገናኙ አይነግርም። ግልገል ላይ የተገኘ አንቲቦዲ ከእናቷ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሚዛን ከእጄ የማይለየው፤ ክብደቷ ዕድሜዋን በግምት ይነግረኛል። ኮሶውን፣ ቁንጫውንና ደሙን ከክብደቷ ጋር አንድ መስመር ላይ ካልጻፍኩ ቁጥሩ ምንም አይለኝም።

ቀጥሎ ያሰብኩት የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችን ነው። ቱሉ ጉዶ ስደርስ ወጥመድ ከመዘርጋቴ በፊት የደሴቱን ሰዎች የምጠይቀው ድመት ደሴቱ ላይ ከገባ ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው።