ጥር ላይ ጢስ ዓባይ አልወስድሽም

አዲስ አበባ ያለች የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ «ቅዳሜና እሁድን አንቺ ጋ ነኝ» ብላ ስትደውል፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ጢስ ዓባይ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ሁሉም እንደዚህ ነው። የድሮዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ፏፏቴውን ሲያይ ያደገ ሰው ባሕር ዳር ማለት እሱ ብቻ ይመስለዋል።

«ጥር እኮ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ፏፏቴ በጥር ይዘጋል?»

«አይዘጋም። ሥራ ይሄዳል።»

እየቀለድኩ አልነበረም። በበጋ ከጣና የሚወጣው ውሃ ብዙው ወደ ተርባይን ነው የሚገባው። ጢስ ዓባይ ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኃይል ማመንጫ አለ፤ በኋላ ሁለተኛ ተጨመረበት። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ጣና በለስ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይወስዳል። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የመጣ ሰው፣ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ላይ እየተወረወረ ጢሱ ፊት የሚያርስ ውሃ ያያል። በጥር የመጣ ሰው ግን ገደሉን ነው የሚያየው። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ አጠያይቆ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ አቧራ ጠጥቶ፣ ደረቅ ድንጋይ ለማየት! አልወስድሽም አልኳት። አኮረፈች።

ባሕር ዳር ላይ የእንግዳን ፕሮግራም የሚያወጣው ውሃው ነው። ፏፏቴውን የሚወስነው ወሩ ነው። ሐይቁን የሚወስነው ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት ይተኛል፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳበታል። የእኔ ድርሻ ጀልባ መከራከርና ቡና ማፍላት ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ በአውሮፕላን ገባች፤ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ናት። ስትወርድ ወፍራም ጃኬት ለብሳለች። ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፤ ጃኬቱ እስክትመለስ ድረስ ወንበር ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

ያን ማታ ዓሣ በላን። ሐይቁ ዳር ወዳሉት ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች አልወሰድኳትም። የሄድነው ሠፈር ውስጥ ያለች፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ቤት ነው። ቆሮሶ፣ ሙሉ ጥብስ አዘዝን። ዓሣው ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጎንና ጎኑ በቢላ በሰያፍ ይተለተላል፤ ስለዚህ ሲጠበስ እያንዳንዷ ቁራጭ ለብቻዋ ደርቃ ትነሳለች። ከጎኑ ሎሚና ዳጣ ይቀርባል። ጓደኛዬ ሹካ ጠየቀች። «ሹካሽን ተይው» አልኳት። «ከጀርባው በኩል በጣትሽ ያዢና ወደ ታች ሳቢ።» ሳበች፤ ሥጋው እንዳለ መጣላት። በመጨረሻ ትሪው ላይ የቀረው አጥንት እንደ ማበጠሪያ ጥርሱ የተደረደረ ነው። እጇን ልትታጠብ ስትነሳ ባለቤቲቱ ከምድጃው ማዶ አየቻት። «ልጄ፣ ጭንቅላቱን ትተሽ ነው እንዴ የምትነሺው? ጉንጩ እኮ ነው ዓሣው!» ተመልሳ ተቀመጠች። ጉንጩን በላች። ኩርፊያውም እዚያው ላይ ለቀቃት።

ቅዳሜ ማለዳ ቧንቧው ጠብ አይልም። የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ እኛ ፊታችንን በጄሪካን ውሃ እንታጠባለን። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ስትሰማ ለባሕር ዳር ሰው የተተረተ አልመሰላትም ነበር። እኔ ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ ባዶ ጄሪካን ቤቴ ውስጥ አታገኙም።

ከአንድ ሰዓት በፊት ወደቡ ላይ ደረስን። ጀልባ ለብቻ መከራየት ኪስ ይጎዳል፤ ሰው ጠብቆ መጋራት ይሻላል። ከጎንደር ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ተዳበልን። ባለ ጀልባው «ቶሎ ቶሎ፣ እህቶቼ፣ ንፋሱ ሳይቀድመን» ይላል። ጓደኛዬ ዋና አትችልም። የተንሳፋፊ ጃኬቷን ማሰሪያ ደጋግማ እየጎተተች «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«አንቺን ለመሸፈን ይበቃል» አላት፣ ሳይስቅ።

እውነቱን ለመናገር ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን 14 ሜትር አካባቢ ነው። ንፋስ ሲነሳ ቶሎ የሚናወጠውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከምንሄድበት ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በኩል ማገዶ የጫኑ ታንኳዎች እየመጡ ነበር። አንዱ በአጠገባችን ሲያልፍ ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ ሳታነሳው ረሳችው። ደንገል ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ እየታሰረ የሚሠራ ነገር ነው፤ ምስማር የለው፣ ሳንቃ የለው። ውስጡ ሌላ የደንገል ንጣፍ ተደርቦለታል፤ ሰውም ማገዶም የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጥቂት ወር አገልግሎ ያረጃል፣ ሌላ ይታሰራል። ቀዛፊው ሁለት ጫፍ ያለውን ቀርከሃ ግራ ቀኝ እያለ አለፈን፤ በእኛ ሞተር ማዕበል ሲወዛወዝ ቀና ብሎም አላየን።

ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወረዱ በኋላ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ ግራና ቀኙን ትንንሽ ታንኳና ብራና ላይ የተሳሉ ሥዕሎች ይሸጡበታል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው። ገዳሙን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሲተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ወጣ ይባላል፤ አገሩም ይኸው እስከ ዛሬ በእነዚሁ ይኖራል። ዛፉ ሳይቆረጥ የቆየውም በዚሁ ነው። በዛ ወር ጀንፈል በየደጁ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ግቡ፣ ቡና ቅመሱ» አሉን። ቀመስን፣ ለቤትም ገዛን። ጓደኛዬ ዋጋ ልትከራከር ስትል ክንዷን ያዝኩት፤ ለጀልባው የሚሆነው ክርክር ለእኚህ እናት አይሆንም።

ኡራ ውስጥ ካልሲ ይዛችሁ ግቡ። ጫማ ይወልቃል፣ ምንጣፉም ቁንጫ አያጣውም። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አብዛኛው ጎብኚ አንገቱን አቅንቶ አንድ ጊዜ ዞሮ ይወጣል። እኔ ግን እንግዳ ሳመጣ በላዔ ሰብ ፊት አቆማለሁ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፣ በዚያች ዳነ። ጓደኛዬ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምታዋለች። ሥዕሉን ግን ቀርባ አይታ አታውቅም። የነፍሱ ሚዛን፣ የዚያ ሁሉ ሰው ነፍስ ኃጢአት በአንድ ወገን፣ ያች ጥርኝ ውሃ በሌላው። ከዚያ ሌላ ነገር ነገርኳት፦ በዚህ አሣሣል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ስለሚሳል ዓይኑ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መውጣት እምቢ አለች። በየግድግዳው እየዞረች «ይሄኛው ደግሞ ባለ አንድ ዓይን ነው!» ስትል፣ የሚያስጎበኙን ዲያቆንም ሳቃቸው መጣ።

ስንመለስ ባለ ጀልባው ክብራን ገብርኤል፣ የደሴቱ ገዳም ጋ ፍጥነት ቀነሰ። እዚያ ሴት አትገባም። የጎንደሩ ባል ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ እኛን አየችን፣ «ሂድ እንጂ፣ ፈርተህ ነው?» አለችው። ወረደ። እኛ ጀልባው ላይ ሆነን ዳቦና ሙዝ በላን። ጓደኛዬ ተናዳለች፤ እኔ ድሮ እናደድ ነበር፣ አሁን ዳቦውን ነው የምይዘው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሲመለስ ግን ንፋሱ ቀድሞናል። እስከ ወደቡ ድረስ ውሃው በጀልባው አፍንጫ ላይ እየተሰበረ ፊታችንን መታን። በጄሪካን የታጠብነው ፊት በደንብ ተለቀለቀ።

ቅዳሜ ገበያ የደረስነው ሊበተን ሲል ነው። አገልግል ገዛች። ትልቁን። በአውሮፕላን እንዴት እንደምትወስደው አልጠየቅኳትም።

እሁድ ቀለል ያለ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በባጃጅ ወደ ቤዛዊት ወጣን፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ዛፍ ለዛፍ ሲሄድ ከዚያ ላይ ይታያል። ጓደኛዬ ውሃው ላይ ያየችውን ድንጋይ ሁሉ ጉማሬ አደረገችው። አንዱ ግን ጆሮውን አራገበ። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ውሃ ጣናን ሳይቀላቀል አቋርጦ ነው የሚወጣው ብለው ሽማግሌዎች እንደሚናገሩ ስነግራት ምንም አላለችም፤ ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

በዘንባባዎቹ ሥር ስንመለስ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያመጡ አስበው ነበር እንደሚባል አወራኋት። ሰፋፊዎቹ መንገዶች የዚያ ዘመን ፕላን ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም፣ ፖሊ ቴክኒኩም የተሠሩት ያኔ ነው።

«እንኳን ቀረ!» አለች።

«እኔም እንደዚያ ነው የምለው።»

ወደ ማታ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ወጣን። በግንቦት 2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው። ሲመሽ ግማሹ ከተማ እዚያ ነው፤ ንፋስ ለመቀበል፣ ፎቶ ለመነሳት፣ ልጅ ለማንሸራሸር። እኔ ስለ ድልድዩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ያምራል፣ በቃ። የወደድኩት ከሥሩ የሚያልፈውን ውሃ እያዩ ተደግፈው የሚያወሩትን ሰዎች ነው። ጓደኛዬ ወደ ታች አየችና «ይሄ ውሃ ነው እንግዲህ ሥራ የሚሄደው?» አለች።

«እሱ ራሱ።»

አገልግሉን በእጅ ሻንጣነት አሳለፉላት፤ ቡናውን ውስጡ ከታ ነው። አዲስ አበባ እንደገባች ደውላ ለመስከረም ትኬት ልቁረጥ ወይ አለችኝ። ቁረጪ አልኳት። ኋላ መስከረም የታናሽ እህቷ ሠርግ መሆኑ ትዝ አላት። ወደ ጥቅምት እያሻገርነው ነው፤ ከጥቅምት ካለፈ ግን አልወስዳትም።