ኒስ ወይስ ስፕሊት? አምስት ሳምንት ቀልድ አይደለም

ከጃንዋሪ ጀምሮ እቤታችን ውስጥ ለዕረፍት የት እንሂድ የሚል አንድ ያላለቀ ክርክር አለ። እኔ ኒስ፣ ባለቤቴ ስፕሊት። ፈረንሳይ ወይስ ክሮኤሺያ በሉት። ሁለቱንም አይተናቸዋል ግን አንዷን አራት ቀን አንዷን አምስት ቀን ነው ያየናት፣ አሁን የምናወራው ደሞ ስለ አምስት ሳምንት ነው፣ እኔ፣ እሱ፣ የዘጠኝና የአምስት ዓመት ልጆቻችን፣ ከዛ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ። በአራት ቀን የማያምር የባሕር ከተማ የለም። ጉዱ የሚመጣው አስራ ሁለተኛው ቀን አካባቢ ነው፣ ፎቶው ተነስቶ አልቆ፣ ልብሱ ቆሽሾ፣ የሬስቶራንት ምግብ አንገሽግሾ፣ ትንሹ ልጅ "ዛሬ ደሞ ምን እናደርጋለን" ማለት ሲጀምር።

ከኒስ ልጀምር የኔ ስለሆነች። ፕሮምናድ ዴ ዛንግሌ የሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ከኤርፖርቱ አካባቢ ተነስቶ እስከ አሮጌው ከተማ ድረስ ወደ 7 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለም፣ በየቦታው ሰማያዊ ወንበሮች አሉ ማንም ቁጭ ይልባቸዋል። እማዬን እዛ አስቀምጬ ስትውል በሃሳቤ አይቻታለሁ። ስሙ የእንግሊዞች መንገድ ማለት ነው፣ በ1820ዎቹ ብርድ ሸሽተው እዛ ይከርሙ የነበሩ እንግሊዞች አዋጥተው ያስጀመሩት ነገር ነው። የሚገርመው ያኔ ሰው ኒስ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነበር፣ ሙቀቱ ሲጀምር ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ዩኔስኮም በ2021 የመዘገባት በዚሁ በብርድ ማሳለፊያነቷ ነው። እኛ ደሞ ተገልብጠን ሰው ሲሸሻት በነበረበት ወር ለመሄድ ገንዘብ እናጠራቅማለን።

ግን የኒስ ትልቁ ነገር ለኔ ባሕሩ ሳይሆን ባቡሩ ነው። ባሕሩን ጥግ ጥጉን ይዞ የሚሄድ ተራ የክልል ባቡር አለ፣ ቪልፍራንሽ አስር ደቂቃ እንኳን አይሞላም፣ ሞናኮ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ወደዚህ ስትሉ አንቲብና ካን፣ ወደዛ ስትሉ የሎሚዋ ከተማ ማንቶን፣ ትንሽ ከቀጠላችሁ ድንበር ተሻግራችሁ ጣሊያን ቬንቲሚሊያ ናችሁ፣ አርብ አርብ ትልቅ ገበያ አላት። መኪና መከራየት የለ፣ ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር የለ። ለረጅም ቆይታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀኑ ሲሰለች ትኬት ገዝቶ ሌላ ከተማ መውረድ ነው። ኤርፖርቱም ቢሆን ትራም በቀጥታ መሀል ከተማ ያደርሳል። ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ስዘረዝር ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ "ትንሹ የት ነው የሚዋኘው?" አለኝ።

እዚህጋ ተያዝኩ። የኒስ ቢች አሸዋ አይደለም፣ ጠጠር ነው፣ ያውም የእጅ መዳፍ የሚያክል ድቡልቡል ጠጠር፣ በባዶ እግር ስትሄዱበት እንደ ሰካራም ነው የምትንገዳገዱት። እሱስ ጫማ አድርጎ ይቻላል፣ ዋናው ችግር ውሃው ቶሎ ይጠልቃል፣ ትንሽ እንደገባችሁ መቆሚያ የለም። ዋናተኛ ለሆነ ሰው ገነት ነው ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ትልቅ ሰው ክንዱን ይዞ መቆም አለበት። ጥላም የለም፣ ጥላ የፈለገ የግል ቢች ገብቶ ጃንጥላና አልጋ መከራየት ነው፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ለአምስት ሰው ስሉት እስቲ። እኔም መልስ አላጣሁም፣ "ቪልፍራንሽ እንሄዳለን እዛ ባሕሩ የተረጋጋ ነው" አልኩት። "በየቀኑ? ጃንጥላ፣ ፎጣ፣ ምሳ፣ ሁለት ልጅና እናትሽን ይዘን በኦገስት ባቡር?" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ።

ስፕሊት ደሞ እንዲህ ነች። ከአሮጌው ከተማ በእግር አስር ደቂቃ ገደማ ባችቪትሴ የሚባል ቢች አለ፣ አሸዋ ነው፣ ያም በዛ አገር ብርቅ ነው ምክንያቱም የክሮኤሺያ ባሕር ዳርቻ በአብዛኛው ጠጠርና ድንጋይ ነው። ውሃው ሩቅ ድረስ ከጉልበት አያልፍም። የከተማው ሰዎች እዛ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ፒትሲጊን የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታሉ፣ ክብ ሰርተው ትንሽዬ ኳስ በመዳፋቸው እየመቱ ውሃ እንዳትነካ ያደርጋሉ፣ ነጥብ የለም አሸናፊ የለም፣ ሆዳቸው የወጣ ሽማግሌዎች ኳሷን ለማዳን በአየር ላይ ሲወረወሩ ማየት ብቻውን ያዝናናል። ባለፈው ትንሹ ልጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲያያቸው ነበር።

የመርከብ ወደቡ፣ አውቶቡስ ተራውና ባቡር ጣቢያው ጎን ለጎን ናቸው፣ አሮጌው ከተማ ካለበት የድሮ የሮም ቤተ መንግሥት የጥቂት ደቂቃ መንገድ። ብራች ደሴት በፌሪ 50 ደቂቃ ነው፣ ህቫርና ቪስ ከዛ ይርቃሉ። እኔ ግን "ደሴት ደሴት" ለሚለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ፣ መርከብ ባቡር አይደለም። ካመለጣችሁ አመለጣችሁ ነው፣ ደሞ ዩጎ የሚሉት የደቡብ ነፋስ የተነሳ ቀን ካታማራን የሚባሉት ፈጣን የመንገደኛ ጀልባዎች ሊሰረዙ ይችላሉ። ቡራ የሚሉት ሌላው ነፋስ ደሞ ከተራራው ወደ ባሕሩ ነው የሚወርደው፣ ቀዝቃዛና ድንገተኛ ነው። በባሕሩ ዳር የሚሄድ ባቡርማ ጭራሽ የለም፣ ወይ አውቶቡስ ወይ መኪና። የአሮጌው ከተማ ድንጋይ ደሞ ስንት ዘመን ተረግጦ እንደ መስታወት ስለተወለወለ ያንሸራትታል፣ ለእማዬ ጉልበት ጥሩ አይደለም። እዛው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አፓርትመንት የሚከራይ ሰውም እንቅልፍ እንደማያገኝ ይወቅ፣ በአምስቱ ቀናችን ያየሁት እሱን ነው፣ እስከ ሌሊት ሙዚቃ፣ ከዛ ንጋት ላይ የሻንጣ ጎማ ድንጋዩ ላይ ገርርርር። ድንጋይ ላይ የሚዋኝ ሰው ደሞ የባሕር ጫማ ግዴታ ነው፣ ውሃው ስር የተጣበቁ እሾሃም ጥቁር ፍጥረቶች አሉ፣ አንዴ ከረገጣችሁ እሾኩን በመርፌ ማውጣት ነው።

"ለምን ግማሽ ግማሽ አታደርጉትም" ያሉን ሰዎች አሉ። አስበንበታል ግን የእማዬ ቪዛ አለ። ሸንገን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ሲጠየቅ ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው፣ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት፣ ክሮኤሺያም ከ2023 ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ናት፣ ዩሮም የጀመረችው ያኔ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፣ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ሁለት ቦታ ቤት፣ በመሀል በረራ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም በቃ አንድ ቦታ ይሁን አልኩ።

ስለዚ ለእማዬ አቀረብንላት። ስለ ኒስ ሰማያዊ ወንበሮች ስነግራት ደስ አላት፣ እኔም አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ባለቤቴ ደሞ ስፕሊት ማለት የሮም ንጉሥ ለጡረታው ያሠራው ቤተ መንግሥት ነው፣ በ305 ሥልጣን በቃኝ ብሎ ገብቶበት ጎመን ሲተክል ኖረበት አላት። "ማነው እሱ?" አለች። "ዲዮቅልጥያኖስ።"

ቀና ብላ አየችው። ስንክሳር ሲነበብ ስሙን ስንት ጊዜ እንደሰማችው እሷ ናት የምታውቀው፣ ዓመተ ሰማዕታት እራሱ የሚቆጠረው እሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። "ያ ሰማዕታቱን የፈጀው? ልታዝናኑኝ እሱ ቤት ልትወስዱኝ ነው?" አለች። እኔ በልቤ ኒስ ኒስ እያልኩ ነው።

"እማማ ይስሙኝማ፣ ለራሱ ያሠራው መቃብር ዛሬ ካቴድራል ነው፣ የተሰየመውም በሱ ዘመን በ304 ለተገደለው ጳጳስ ነው" አላት። ዶምኒዮስ ይባላል ጳጳሱ፣ ስፕሊት አጠገብ የነበረችው የጥንቷ ከተማ የሳሎና። ከዛ ንጉሡ ከግብፅ ያስመጣው ስፊንክስ፣ የሰው ራስና የአንበሳ አካል ያለው የድንጋይ ሐውልት፣ አሁንም ከካቴድራሉ ፊት ተጋድሞ እንዳለ ጨመረላት፣ እሷ ግን ስፊንክሱን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም።

"የሱ አስከሬንስ?"

"ጠፍቷል፣ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።"

"እሰይ" አለች። "ይሄንንማ በዓይኔ አያለሁ።"

በቃ ሁለት ለአንድ፣ ልጆቹ ሲጨመሩ አራት ለአንድ። እውነቱን ለመናገር ከእማዬ በፊትም በባችቪትሴ ተሸንፌ ነበር፣ ግን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ባቡሩን እስካሁን እመኘዋለሁ። ኦገስትን ግን አስተውኳቸው፣ ከጁን 20 እስከ ጁላይ 25 ነው የያዝነው፣ መጀመሪያ ላይ ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል ግን ሰው ገና አልሞላም። ቤቱ ከቢቹ ትንሽ ወደ ምስራቅ ራቅ ያለ ነው ምክንያቱም ባችቪትሴም ማታ ማታ ጭፈራ አለ። ሊፍት አለው፣ ኤሲ አለው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለው። በረንዳው የሚያሳየው ግን ባሕሩን ሳይሆን የጎረቤት ፓርኪንግ ነው።