ከፎም ግላይደር ወደ አየር ንባብ፦ የሰሞኑ ልምምዴ

የፎም ግላይደሬ፣ በእጅ የምወረውራት ሞተር አልባ ትንሽ አውሮፕላን፣ የት ደረሰች ላላችሁኝ፦ ክንፏ አልቋል፣ ትበራለችም። አሁን የያዘኝ ሌላ ጣጣ ነው፤ አየር ማንበብ። ለዚህ ያበቃኝ ክላውስ ኦልማን የሚባል ጀርመናዊ ነው።

ሰውዬው በሙያው የጥርስ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2003 አርጀንቲና ውስጥ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ፣ በግላይደር፣ ያለ ሞተር ጉልበት በአንድ ቀን 3,009 ኪሎ ሜትር በረረ። ከሐዋሳ አዲስ አበባ አምስቴ ደርሳችሁ ብትመለሱ እንኳ አትሞሉትም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፓስፊክ የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ተራራውን ሲገጨው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከተሻገረ በኋላም ድንጋይ እንደዘለለ የወንዝ ውሃ ከፍ ዝቅ እያለ ይቀጥላል። አየሩ ያልፋል፣ ሞገዱ ግን ቦታውን አይለቅም። ኦልማን ከፍ በሚለው በኩል ገብቶ ተራራውን ተከትሎ ይሄዳል። ከሥር ያለው አየር ግን የሚያተራምስ ስለሆነ ቀልድ አያውቅም።

እዚያው አገር ኤል ካላፋቴ ላይ ጂም ፔይንና ቲም ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ2018 ፐርላን 2 በሚባል ግላይደር ከ22,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል። ወሬው ሁሉ ስለዚህኛው ነው። ለኔ ግን ኦልማን ይበልጥብኛል፤ አንዱ ሞገድ ሲያልቅበት ቀጣዩን እየፈለገ ቀኑን ሙሉ መዋል ቀላል አይደለም።

እኛ ሐዋሳ አንዲስ የለንም፣ ፀሐይ ግን አለችን። አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ የሚለቅሙትን አባ ኮዳዎች እዩዋቸው። በማለዳ ሲነሱ ክንፋቸውን ደጋግመው ይመታሉ። መሬቱ ሲግል ግን ዘርግተውት ብቻ እየዞሩ ይወጣሉ፤ ያውም ከሐይቁ ይልቅ የብሱ ላይ፣ ሞቃቱ አየር የሚነሳው ከዚያ ነዋ። አንዱ ከፍ ካለ ሌሎቹ ተከትለውት ይጎርፋሉ።

ስለዚህ አሁን ግላይደሬን የምወረውራት እነሱ በሚዞሩበት በኩል ነው። አፍንጫዋ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም በፕላስተር ለጥፌያለሁ፣ ሚዛኗ ልክ መጣ። ጅራቷን በትንሹ ወደ ግራ ስላጠፍኩት ሰፊ ክብ ትሠራለች፤ ቀጥ ብላ ብትሄድማ ቴርማሉን፣ ማለትም ወደ ላይ የሚነሳውን ሞቃት አየር፣ ሰንጥቃ ነው የምታልፈው። ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም ስለሚበላው የእንጨት ኮላ ተጠቀሙ፣ ቢዘገይም ይሻላል።

ቀጣዩ ረዘም ያለ ክንፍ ነው። ቀላልና የማይተጣጠፍ ቀጭን ዘንግ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ቀርከሃው ከብዶኛል።