ማካሮቭ ወይስ ግሎክ?

የዛሬው የሰንዳፋ ቡና በሽጉጥ ክርክር አለቀ። አጎቴ የድሮ ወታደር ናቸው። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ አላቸው፤ ከእሱ በኋላ ሽጉጥ የተሠራ አይመስላቸውም። ጎረቤታቸው ደግሞ ግሎክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው።

ጋሼ ካርታውን (የጥይት መያዣውን) አወጡ፣ ስበው ባዶ መሆኑን አሳዩኝና ሰጡኝ። እውነት ለመናገር፣ እጄ ላይ ልክክ አለ። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ሽጉጥ ነው። 8 ጥይት ይጎርሳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በርሜሉ እንኳ አይንቀሳቀስም። ግን የካርታው መልቀቂያ እጀታው ሥር ነው፤ ሁለት እጅ ያስይዛል። መዶሻው ሳይወጠር ሲተኮስ የመጀመሪያው የቃታ ስበት ይከብዳል። ይህን ስል ጋሼ «የኮምፒውተር ጣት ይዘህ!» አሉኝ።

ግሎክ 17 ካርታው 17 ጥይት ይይዛል። እጀታው ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀላል። እኔን ቅር የሚለኝ በአውራ ጣት የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም፤ አንዱ መጠበቂያው ራሱ ቃታው ላይ ነው። ለሠለጠነ ሰው ችግር የለውም ይላሉ። ልጆች የሚሯሯጡበት ቤት ግን ይከብደኛል። (ያም ሆነ ይህ ቦታው ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው።)

የእኔ ልብ ያለው የቼኮቹ ሲዜድ 75 ላይ ነው። መቆለፊያ አለው፣ ጥይቱም ከግሎኩ ጋር አንድ ነው። ክብደቱ ግን ባዶውን 1 ኪሎ ገደማ! ጋሼ ሲሰሙ «ታዲያ ክላሽ አትይዝም?» ብለው ሳቁብኝ።

ለጊዜው ምኞት ነው። ፈቃድ የለኝም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ ለያዘ አይምርም። ሲዜድ ታጥቃችሁ የምታውቁ፣ ወገብ ላይ እንዴት ነው?