ወላጅ አምጣ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። በረንዳዋ ላይ ሦስት ሊስትሮዎች ይሠራሉ። አንዱ ከእናቱ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሁለቱ ግን ማታ ሱቅ ስዘጋ እዚያው ማዳበሪያ አንጥፈው ይተኛሉ። ጠዋት ስመጣ «ተነሱ እንግዲህ» እላለሁ፣ ጠቅልለው ይነሳሉ። ግንኙነታችን ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ትንሹ፣ ቀለም ፈሶበት የጣልኩትን ወረቀት ከቆሻሻው አንስቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲያነብ አየሁት።

«ማንበብ ትችላለህ እንዴ?»

«አራተኛ ደርሼ ነው የወጣሁት፣ ማዘር።»

የመጣው ከበለሳ ነው። እናቱ ስትሞት አጎቱ ቤት ገባ። አጎቱ ከብት ጠባቂ አደረገው። አንድ ቀን ከብቶቹን ትቶ ጠፋ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወይም እሱ እንደዚያ ይላል።

እኔም መጀመሪያ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ገዛሁ። ቦርሳ፣ አንድ ደርዘን ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ለትልቁም እንደዚሁ። ወሩ ነሐሴ ነበር። መስከረም እስኪጠባ ይለማመዱ ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቦርሳዎቹ የሉም። ሸጠው በሉት ብዬ ተቆጣሁ፣ ክፉ ቃልም ተናገርኩ። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። አንዱን ቦርሳ ሌሊት ጉልበተኞች ወስደውታል። ሌላው በዝናብ በስብሶ ደብተሩ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ልጁ ደግሞ እንዳላየው ብሎ ደብቆታል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የክረምት ሌሊቷን በረንዳ ላይ ያደረ ያውቀዋል። ለሰው የማይሆን ቦታ ለደብተር ከየት ይሆናል?

የሱቁን የታችኛውን መደርደሪያ ባዶ አደረግሁት። ግድግዳው ላይ ለዩኒፎርም ሁለት ምስማር መታሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እከፍታለሁ፤ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ማታ መልሰው ያስቀምጣሉ። ካደረግሁት ሁሉ ሳንቲም ያላስወጣኝ ይህ ነው፤ ከሁሉም የጠቀመውም ይህ ነው።

ምዝገባው ግን አንገላቶናል። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የልደት ማስረጃ፣ ካርድ፣ መሸኛና ወላጅ አለን። ሦስት ጊዜ ሄድን፣ ሦስት ጊዜ ተመለስን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕጻን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ይላል። በአዋጅ 760/2004 መሠረትም ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ይሁን እንጂ ምዝገባው በአገር ደረጃ በተግባር የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ገጠር የተወለደ ልጅ ያን ወረቀት ከየት ያመጣል? ይህን ሁሉ ለመዝጋቢው ተናገርኩ። «እሱ ሌላ ነው» አለኝ።

መፍትሔው የመጣው ከመናኸሪያ ነው። በለሳ የሚሠራ የሚኒባስ ረዳት ጫማውን የሚያስጠርገው እኛ በረንዳ ላይ ነው። ለቀድሞው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ደብዳቤ ጽፌ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሳምንት መሸኛውን ከነማኅተሙ ይዞልን መጣ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በዚያ ወረቀት ሌላ ትምህርት ቤት ተቀበለን። ዛሬ ቢሆን በሐምሌ እጀምራለሁ፤ መስከረም ላይ ሁሉም ሰው ቢሮው ደጃፍ ተሰልፏል፣ የማንንም ታሪክ የሚሰማ የለም። ደግሞም በቀጥታ ርእሰ መምህሩ ዘንድ እገባለሁ።

ትልቁን በተመለከተ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከፊደል ብዙም አላለፈም። ሁለተኛ ክፍል ይግባ ሲባል እሺ አልኩ። አራት ቀን ተማረ። በአምስተኛው ብሩሹን ይዞ ተቀመጠ። «ጥርሳቸው ከሚነቀል ልጆች ጋር ነው እንዴ የምቀመጠው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አስቀድሜ ልጠይቀው ይገባ ነበር። በኋላ ማታ ትምህርት አስገባነው፤ እዚያ ከእሱ የሚበልጡ አሉና አላፈረም። ግን ሐምሌ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር ለሰሊጥ አረም መተማ ወረደ። ከአረም ወደ አጨዳ ተሸጋገረ። ኅዳር ላይ ወባ ይዞት፣ ከስቶ ተመለሰ። ያገኘው ብር ሕክምናው ላይ አለቀ። የሰሊጡ ሥራና ምዝገባው በየዓመቱ ይጋጫሉ። «አትሂድ» ማለት እችላለሁ፤ የሚበላውን ግን እኔ አልችልም። አሁን ዘግይቶ እንዲመዘገብ ለትምህርት ቤቱ ቀድሜ እነግራለሁ፣ እሱም ከሄደበት በስልክ ይደውላል።

ስለ ፈረቃም ልንገራችሁ። ሊስትሮ ገበያው ጠዋት ነው፤ ሰው ቢሮ ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያስጠርጋል። ትንሹ የጠዋት ፈረቃ በሚሆንበት ሳምንት ምሳ የለም ማለት ነው። ከጎረቤት ሻይ ቤት ጋር ተነጋግሬ በዚያ ሳምንት በዱቤ ይበላል፤ ከሰዓት ሠርቶ ይከፍላል። በነጻ ላብላው ብዬ ነበር፤ እምቢ ያለው እሱ ነው። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ትምህርት የሚባል ነገር አላነሳም። ጥር 10 እና 11 ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የወር ሥራውን በሦስት ቀን ይሠራል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአብነት ትምህርት አገር ነን፤ በአታ ለአቋቋም፣ ለማኅሌቱ ዜማና ሽብሸባ፣ ከየአገሩ ተማሪ ሲመጣ የኖረበት ደብር ነው። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ ጠፍቶ መጥቶ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ሲማር ማንም አላፈረበትም። ቁራሽ ሰጥተን እንመርቀዋለን። ደብተር የያዘ ሊስትሮ ሲመጣ ግን «ሌባ እንዳይሆን» እንላለን። እኔም ብዬ አውቃለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አንዲት ቃል ናት። ኅዳር ላይ ትንሹ ዩኒፎርሙን ሳይወስድ አራት ቀን አለፈ። «ዛሬ ትምህርት የለም» ይለኛል። አላመንኩትም። ስድስተኛ ክፍል የሚማረው ጓደኛው ነው ያወጣው፤ አርፍዶ መጥቶ መምህሩ «ወላጅ አምጣ» ብሎታል። ሌላ ልጅ አልቅሶ እናቱን ይዞ ይሄዳል። ይኼኛው ማንን ይዞ ይሂድ? ዝም ብሎ ቀረ። ስንቱ በዚህች ቃል ቀርቶ ይሆን?

በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። መምህሩ ያለበትን ሁኔታ አያውቅም ነበር፤ ስነግረው ደነገጠ። ክፍሉ እንዳይሰማ ለመንኩት። ሞግዚትነት በፍርድ ቤት የሚሰጥ ነገር ነው፤ እኔ ያ የለኝም። ስሜንና ስልኬን በተጠሪነት አስመዘገብኩ፣ ፈረምኩ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ምንም አላለም። ቦርሳዬን ተቀብሎኝ እስከ ሱቅ ተሸከመው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ተጠራሁ። ልቤ ድንግጥ ብሎ ነው የደረስኩት። ለካ በጨርቅ ኳስ ሲራገጡ መስታወት ሰብረዋል። መምህሩ እንደ ማንኛውም ወላጅ አቆመኝ፤ «ልጅዎን ይምከሩልን እንጂ!» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ «እሺ፣ ይቅርታ» አልኩና የመስታወቱን ድርሻ ከፈልኩ።

«ደግሞ ሊስትሮው ላይ ትከፍለኛለህ» አልኩት ስንወጣ።

«ዱቤ ይያዝልኝ» አለኝ፣ ማዘሩን።