ስድስተኛው ሩፋኤል

ጥቅምት 2010 ዓ.ም ነው። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ማረሚያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራ ነበር። የኅዳርን የአመክሮ ዝርዝር ከኮምፒውተር አውጥቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ታራሚዎቹን አንድ በአንድ እያስጠራሁ ቅጽ ማስሞላትና ማስፈረም ነው። ከዚያ ዝርዝሩ ወደ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴውም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አራተኛ የገቡት ሸማኔው ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። የሚሠሩት ጋቢ የተመሰገነ ስለነበር ከደብረ ማርቆስ ድረስ ገዢ ይመጣላቸዋል። ታራሚ አንቱ አይባልም የሚሉ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ ግን በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ማለት አይሆንልኝም።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ኅዳር 13 አመክሮዎ ይደርሳል» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ሰው መሬት ይስማል። ያለቅሳል። ዋርዲያውን የሚያቅፍም አይቻለሁ። እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ። በእጃቸው የያዙትን ቆብ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

«ልጄ፣ የሌላ ሰው ቀን እንዳይሆን። የእኔ አልደረሰም።»

«ኮምፒውተሩ ያሰላው ነው፤ አይሳሳትም» አልኩ። ይህን ማለቴ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

«እኔ የተያዝሁት በሩፋኤል ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ከገበያ ስመለስ። ዘጠኝ ዓመት ተፈረደብኝ። ስድስት ዓመት ስትታሰር አመክሮህ ይሞላል ተባልሁ። ከዚያ ወዲህ አምስት ሩፋኤል አለፈ። ስድስተኛው ነው የእኔ።»

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንድ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጠባዩ የታረመ መሆን አለበት። ያደረሰውንም ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካስ አለበት። የሚፈቅደው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ቀን ግን እኛ ክፍል ውስጥ የተሰላው ነው። እኛ ከተሳሳትን ስህተቱ ማኅተም ተመቶበት ይሄዳል።

ፋይላቸውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ጠርዙ የተበላ የፖሊስ ደብዳቤ አለ። «ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም» ይላል። ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። 13/03/2004። ኅዳር 13።

እኔ የጻፍኩት 3/13/2004 ብዬ ነበር። መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ዓመት። ቀኑን የሚያሰላልኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኤክሴል የሚያውቀው ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ለእሱ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለም። ወር ይሆናል ብሎ የጠበቀው 13 ሲሆንበት እሱን ቀን አደረገውና 3ን ወር አደረገው። ሳይጠይቀኝ ገለበጠው። ጥቅምት 30ን ስጽፍ እንኳ እንዲህ አያደርግም። በፈረንጁ ሁለተኛው ወር 30 ስለማይደርስ ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም። ፎርሙላውም ስህተት ብሎ ያሳየኛል፣ እኔም በእጄ አስተካክላለሁ። ጳጉሜን ላይ ግን ዝም አለ። ጳጉሜን 1 መስከረም 13 ሆኗል፤ ጳጉሜን 5 ደግሞ ጥር 13። የሸማኔው ቀን ወደ ኋላ 290 ቀን ተስቧል።

ይህን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። አሥር ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነፃነት በእጁ የገባለት ሰው ለምን አልደረሰም ይላል? ጠየቅኳቸው።

«የሟች ወንድም ይቆጥራል» አሉ። «ሽማግሌ ገብቶ፣ ታቦት ፊት ተማምለን ነው የታረቅነው። የደም ካሳ ተከፍሏል። የምወጣበትን ቀን ሽማግሌዎቹ ነግረውታል። ቀድሜ ብወጣ ምን ይላል? በገንዘብ ወጣ ይላል። ያን ጊዜ እርቁ ፈረሰ። እኔ ብሞት ግድ የለኝም፣ ኖሬበታለሁ። ልጆቼ ግን እዚያው ናቸው፤ ከእሱ ልጆች ጋር አንድ ወንዝ ከብት ያጠጣሉ።»

ምንም ልመልስላቸው አልቻልኩም። ቅጹን ከፊታቸው አነሳሁት።

ከእኔ በፊት መዝገቡን የያዙት አንድ አዛውንት ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ትልልቆቹን ባሕር መዝገቦች አስረክበውኛል። የእጅ ጽሑፋቸው ያስቀናል። ያን ዕለት ከሰዓት የ2004ቱን መዝገብ ከሳጥን አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ ገለጥኩት። የሸማኔው መስመር ላይ «ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል» ተብሎ ተጽፏል።

እያንዳንዱ መስመር እንዲሁ ነው። ዕለቱ፣ ቀኑ፣ ታቦቱ። ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ ባለወልድ። የሙስሊም ታራሚ ሲሆን ዕለቱና የገበያው ስም። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ሳዛውር ያየሁት ነገር ነው። የሽማግሌ ልማድ መስሎኝ ተውኩት። ቦታ ይይዛል፣ ለስሌት አይጠቅምም አልኩ። ለካ አዛውንቱ ቀኑን በሦስት ችንካር ነበር የሚቸነክሩት። አንዱ ቢነቀል ሁለቱ ይይዙታል። የ2004 ኅዳር 13 ረቡዕ ነበር የዋለው። «ቅዳሜ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ አብሬ አስገብቻት ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ አለመግጠማቸውን ያኔውኑ አየው ነበር።

ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ፣ በጸጥታ አስተካክዬ ዝም የማለት ሐሳብም መጥቶብኝ ነበር። ከዚያ ሸማኔው ትዝ አሉኝ። እሳቸው ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ አላሉም። ኃላፊዬ ቢሮ ገብቼ እንዳለ ነገርኩት። ተቆጣ፤ መቆጣትም ይገባው ነበር። ከዚያ «ዝርዝሩ በሙሉ ይቁም። ከባሕር መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ እናያለን» አለ።

መብራት እየጠፋ እየመጣ ሳምንቱን ፈጀን። ጳጉሜን ውስጥ የተያዘ ሰው ሁሉ ቀኑ ተዛብቷል። ፋይሉ ገና አዲስ ስለነበር፣ በእሱ ምክንያት ያለ ቀኑ የወጣ ሰው አልተገኘም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ኋላ ላይ ሳነብ፣ ይኸው ነገር ከእኛ ብዙ ርቆም መድረሱን አወቅኩ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ማረሚያ ቤቶች የቅጣት ቀን የሚያሰላው ሶፍትዌር ከ2002 እ.ኤ.አ ጀምሮ የመልካም ጠባይ ቅናሽን አብዝቶ ያስብ ነበር። እስከ 3,200 የሚደርሱ ታራሚዎች ጊዜያቸው ሳይሞላ ወጥተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ ስህተቱን ያመለከተው የአንድ ተጎጂ ቤተሰብ ነው። ቁጭ ብለው ቢቆጥሩ ቀኑ አልገጥም አላቸው። ተናገሩ። ይስተካከላል ተባለ፣ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። የግዛቱ አገረ ገዢ ነገሩን ለሕዝብ የተናገሩት በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ ነው። እስር ቤት መሆን በሚገባቸው ቀን ውጭ ሆነው ሰው የገደሉም ነበሩ። ይህን ሳነብ የሟች ወንድም ትዝ አለኝ። እዚያም ተጎጂው ቤት ይቆጠር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኮምፒውተሩን ጣልኩት እንዳይመስላችሁ። ፋይል ይጠፋል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ጣሪያ ያፈስበታል። አመክሮው ደርሶ ፋይሉ ስላልተገኘ ብቻ የተቀመጠ ሰው ታሪክ ከአዛውንቱ ሰምቻለሁ። ኮምፒውተር ለእንዲህ ያለው ሰው መድኃኒት ነው። እኔ ያደረግኩት፣ ቀኑን በአንድ ሳጥን መጻፍ አቁሜ ቀን፣ ወርና ዓመትን ለየብቻ ማስገባት ነው። ዕለቱንና ታቦቱን መለስኳቸው። ዝርዝሩ ወደ ኮሚቴው ከመሄዱ በፊት ደግሞ ለታራሚው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። «የተያዝከው በዚህ ቀን ነው፤ ልክ ነው?» ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን ያቺን ቀን አይስታትም።

በዚያው ዓመት አንድ ሥልጠና ላይ በእስር ፋንታ ሰው ቤቱ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስለሚታሰረው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ተነሣ። በ1983 እ.ኤ.አ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ፣ ጃክ ላቭ የሚባሉ ዳኛ ናቸው መጀመሪያ ያዘዙት። ያኔ ሰውየው ከቤቱ ሲርቅ በስልክ መስመር ያሳብቅ ነበር። ዛሬ በሳተላይት የት እንዳለ ይታያል። እኔ የታሰበኝ ቁራኛ ነው። በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው፣ ወይም ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ እስኪፈረድ አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። «የዓይን ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ቁራኛ ግን ሰው ነው። የታሰረው ቢታመም ያያል፣ ቢርበው ይነግርለታል።

መሣሪያውን አልጠላሁትም። በተጨናነቀ ክፍል ከመተኛት ይልቅ ሰው ቤቱ ሆኖ ሸማውን ቢሠራ እመርጣለሁ፤ ያውም መቶ ጊዜ። ግን በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል። ቾቄ ሥር መብራት የሌለው ገበሬ ባትሪው ቢያልቅበት፣ ስክሪኑ ላይ «ጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። እሱ ግን ማሳው ላይ ነው ያለው። የዚያን ጊዜ ወደ ቀበሌው፣ ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ ዕድሩ ዳኛ ደውሎ «አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? አሠልጣኙን የጠየቅኩት ይህን ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው አለኝና ወደሚቀጥለው አለፈ።

ሸማኔው እስከ ጳጉሜን 2010 ሸማቸውን ሠሩ። ፍርድ ቤቱም ፈቀደላቸው። ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ጳጉሜን 1፣ አንድ ባለ ዱላ ሰው መስኮቴ ላይ መጣ። ዝናብ መትቶታል፤ ከጋቢው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። የሸማኔውን ስም ጠራና «ቀኑ መቼ ነው?» አለኝ። ማን እንደሆነ ሳይነግረኝ ገባኝ። ፋይሉን ከፍቼ ስክሪኑን አየሁ፤ አፌ ግን ቀድሞኝ ነበር።

«ቅዳሜ ነው። ሩፋኤል።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኛም ቤት እንዲሁ ነው የተቆጠረው» አለ። ዱላውን አነሣና ዝናቡ ውስጥ ተመልሶ ገባ።