«አመመኝ» ብቻ አይበቃም፦ በሰው አገር ማርገዝ

በሰው አገር ለነፍሰ ጡር ከሕመሙ ይልቅ ሕመሙን ማስረዳቱ ይከብዳል። ቃር ሲይዘን «ልቤን አቃጠለኝ» እንላለን፤ ቃል በቃል ከተተረጎመ የልብ ሕመም ይመስላል። ስለዚህ ከቀጠሮ በፊት ስልክሽ ላይ አራት ነገር ጻፊ፦ የቱ ጋ ነው፣ መቼ ጀመረ፣ ምን ያባብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል። ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር አድርጊው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያልሽው 8 ተብሎ ከተመዘገበ የ6 ሰዓት ስህተት ነው፤ የሽርት ውሃ መቼ እንደፈሰሰ ሲጠየቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስተርጓሚም ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ። ባል ቢያስተረጉም እሱ ፊት የማይባል ነገር አለ፤ ልጅ ቢያስተረጉም ደግሞ የሚያስፈራውን ይዘለዋል።

አብዛኛው ሕመም ምክንያቱ ይታወቃል። ወገብ የሚያመው ጅማቶች በሆርሞን ስለሚላሉና ሆድ ወደ ፊት ስለሚጎትት ነው። ከአልጋ ቀጥ ብለሽ አትነሺ። ጉልበትሽን እጠፊ፣ ትከሻና ዳሌሽን አንድ ላይ ወደ ጎን አዙሪ፣ እግርሽን አውርጂና በክንድሽ ተደግፈሽ ቀና በይ። ይኸው አነሳስ ብሽሽት ላይ ብልጭ የሚለውን ውጋትም ይቀንሳል፤ እሱ ማህፀንን የያዘው ጅማት ድንገት ሲወጠር የሚመጣ ነው፣ ቶሎም ይለቃል።

ሌሊት ባት ሲኮማተር ብዙዎች የእግር ጣታቸውን ወደ ታች ይዘረጋሉ፤ ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም። ጉልበትሽን ቀጥ አድርገሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ። ሆድ አላደርስ ካለሽ ፎጣ በውስጥ እግርሽ አዙረሽ ሁለቱን ጫፍ ጎትቺ። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ቀልቶ ካመመሽ ግን አትሺው፤ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ።

ከ28ኛው ሳምንት በኋላ በጎንሽ ተኚ። ስትነቂ ራስሽን በጀርባሽ ካገኘሽው አትደንግጪ፣ ዞር ብለሽ ተኚ።

ለሕመም ማስታገሻ በቅድሚያ የሚመረጠው ፓራሲታሞል ነው፣ ለአጭር ጊዜ፣ በትንሹ መጠን። አይቡፕሮፌን ሐኪም ካላዘዘ አይወሰድም። ችግሩ፣ አዲስ አገር ላይ ሁለቱም በማናውቀው ስም ይሸጣሉ፤ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ይገባሉ። ከካርቶኑ ፊት ያለውን ትልቁን ስም ትተሽ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የውስጥ ንጥረ ነገር ስም አንብቢ።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከጎድን አጥንት ሥር የሚይዝን ሕመም «ቃር ነው» ብለሽ አትለፊው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት ድንገተኛ እብጠት ካለበት የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱ 140/90 ከደረሰ ጉዳዩ ቀጠሮ አይጠብቅም። ደም መፍሰስና ከ37 ሳምንት በፊት እየተመላለሰ የሚመጣ ምጥ መሰል ቁርጠትም እንደዚያው። የጽንሱ እንቅስቃሴ ከለመድሽው ከቀነሰ በሌሊትም ቢሆን ደውዪ። ሁሉ ሰላም ሆኖ ቢገኝ «ለምን መጣሽ» የሚል የማዋለጃ ክፍል የለም፣ ካለም ጥፋቱ የእሱ ነው።

ጭንቀቱስ? ሰው አጠገብ በሌለበት ሌሊት ይብሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ከነሳሽ ወይም ምግብ ካስጠላሽ ለአዋላጇ እንደ ወገብ ሕመምሽ ተናገሪው። «እንዴት ነሽ?» ስትልሽ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ካልሽ ግን የምትጽፈው «ምንም ችግር የለም» ብላ ነው።